ስም ያልወጣለት አበባ

ጋሼ ታፈሰ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የድሮ ሰፈራችን ልጅ ደውላ፣ "እትዬ ሰብለ፣ ጋሼ ታፈሰ አረፉ እኮ፤ ትናንት ቀበርናቸው" አለችኝ። ትናንት! "ለእኔ ሳትነግሩኝ እንዴት ትቀብራላችሁ?" ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ካዛንቺስ እንደሆነ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ተበትኗል፤ ማን የማንን ስልክ ያውቃል? ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሳላስበው አንገቴን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ። ማንም የለም። የእሳቸው አመል ነው፤ ተጋብቶብኝ ቀርቷል።

ይህን አመል ካልነገርኳችሁ እሳቸውን አታውቋቸውም። ጋሼ ታፈሰ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ታይፒስት ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ኖረናል። በየዕረፍቱ ተራራ ለተራራ እየዞሩ አበባ ይለቅማሉ። የለቀሙትን በጋዜጣ መሃል ይዘረጉና የስፌት መኪና ጭነው ያደርቁታል። ቤታቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ የጋዜጣ ክምር ነበር። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ያብጥና እዚህም እዚያም ኮሽ ይላል፤ እኔ ቤት ድረስ ይሰማኛል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ አይጥ ገብቷል መሰለኝ" ብላቸው፣ "አይጥ አይደለም፣ አበቦቹ ጎናቸውን ሲቀይሩ ነው" አሉኝ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሰፈሩ ታዲያ የሚለውን ብሏል። ቤቱን በደረቅ ቅጠል የሞላ ሰው በእኛ አገር ምን ይባላል? ሥር ማሽ ነዋ! እናቶች ልጆቻቸውን በደጃፋቸው አያሳልፉም፤ መድኃኒት ፈላጊ ግን ተሸፋፍኖ ይመጣል። አንዷ ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ አንድ ደረቅ ሥር ቋጥራ መጥታ፣ "ባሌን የቀማችኝ ሴት ደጄ ላይ የቀበረችው ነው፤ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ" ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ተቀብለው አሸተቱት፣ ቀመስ አደረጉት። "የጎመን ሥር ነው" አሉ። "አንቺው ራስሽ ነሽ የጣልሽው።" ሴትዮዋ እየተራገመች ሄደች። እኔ ከሳቅ ብዛት ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

በኋላ ስኳር በሽታው ዓይናቸውን ወሰደው። ከማስተማሩም ወጡ። የሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከጊዜ በኋላ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ያኔ ነው ጎረቤትነታችን ወደ ሌላ ነገር የተለወጠው። ቅዳሜ ከሰዓት ከግድግዳው ማዶ ይጠሩኛል።

"ሰብለ፣ ነይ እስኪ ዓይንሽን አውሺኝ።"

ቦኖው አጠገብ ወይም የቆርቆሮ አጥሩ ሥር የበቀለ ነገር ይኖራል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ አጎንብሼ የማየውን እናገራለሁ። መጀመሪያ ቀን "ምን አለ?" ሲሉኝ "ቅጠል" አልኩ። "ቅጠልማ እማዬም ታውቃለች" አሉና አስተማሩኝ። ከእግሩ ይጀመራል፤ ቅጠሉ፣ አገዳው፣ የአበባው ውጭ። ውስጡ መጨረሻ ነው። "ከፊት አትጀምሪ። ፊቱን አይተሽ ያወቅሽው ሰው አለ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "አለ፣ አለቃዬ! ፊቱን አይቼ ክፉ መሆኑን አውቄያለሁ" እላለሁ። ይስቃሉ።

ተናግሬ ስጨርስ ግን ቶሎ ስሙን አይሉም። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። በግራቸው አጥር ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም። ተናግሮ ያልጨረሰ ሰው እንዳለ ሁሉ ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ የአበባውን ስም ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም። መጀመሪያ መጀመሪያ የሽማግሌ አመል መስሎኝ ነበር። እየቆየ ግን ጀርባዬን ይበርደኝ ጀመር።

በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣ "ጋሼ፣ ማንን ነው የሚሰሙት?" አልኳቸው።

"ወንድሜን" አሉ።

ዳኛቸው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በንጉሡ ጊዜ ማብቂያ ላይ ሁለቱም ተማሪዎች ሳሉ አንድ ላይ አበባ ይፈልጉ ነበር፤ ያ ጀርባ ሰጥቶ የመቀመጥ ነገር የሁለቱ አሠራር ነው። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይሰማል። ዳኛቸው አበባውን ሳይቆርጥ መልኩን እየጠራ ይናገራል፤ ታፈሰ ራቅ ብሎ ሳያይ ስሙን ያወጣል። "ካየሁት ዓይኔ ይቸኩልብኛል" ይሉ ነበር። አንድ መስከረም ወጨጫ ተራራ ላይ እንዲሁ ሲሠሩ ጉም ወረደ። ከጉሙ ውስጥ ዳኛቸው፣ "ታፌ! የማላውቀው አገኘሁ!" ብሎ ተጣራ። ከዚያ መግለጽ ጀመረ። ቅጠሉ ቀጭን፣ እንደ ጓሳ ሣር። አገዳው ክር የሚያህል፣ ጎንበስ ያለ። አበባው ሐምራዊ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ። አፉ ወደ ታች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ድምፁ ቆመ።"

ጉሙ ሲገለጥ ዳኛቸው የለም። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ፤ ጫማውም አልተገኘ። ታፈሰ ራሱ በጉሙ ውስጥ ሲሮጥ ስለቆየ የት ተቀምጦ እንደነበረ ማወቅ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሄዱ ያን አበባ ፈልገዋል። አበባው ካለበት ዳኛቸው አለ። መልኩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ አበባ ለሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ነግረዋል፤ መልሱ አንድ ነው። ውስጡ ካልታየ ስሙን መለየት አይቻልም።

እናታቸው እማማ ጥሩወርቅ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ትንሽዬ፣ ደረቅ ያሉ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው የሚውሉ ሴት ናቸው። ለዳኛቸው ለቅሶ አልተቀመጡም። አንድ ሰው ተሳስቶ "የዳኛቸውን ነፍስ ይማር" ካለ፣ "ማን ሞተብህ?" ይሉታል፤ ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል። የእድሩ ዳኛ አንድ ጊዜ መጥተው፣ "እማማ፣ ሬሳ ባይገኝም ድንኳን እንትከልና ይውጣልዎት" ቢሏቸው፣ "ድንኳናችሁን ለራሳችሁ!" ብለው በምርኩዛቸው አስወጧቸው። ተስፋ ያልቆረጡ እናት ናቸው ብለን አንጀታችንን ይበሉት ነበር።

አንድ መስከረም እማማ ታመው አልጋ ያዙ። ቢነሡም ሰውነታቸው አለቀ። ጋሼ ታፈሰ ወደ እኔ ቤት በዳበሳ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ሰብለ፣ እናቴ ልትሞት ነው። ልጇን ሳታለቅስ ከሞተች እኔ ምን ሰው ነኝ? ወጨጫ ውሰጂኝ።"

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት! ዓይነ ስውር ይዤ ተራራ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ያኔም እኮ አላይም ነበር፣ ጉም ነበረ። ቦታውን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ይህን ሁሉ ዓመት በዓይኔ ስፈልገው ነው የጠፋኝ።"

"ታዲያ አበባ የሚያውቅ ሰው ይዘው አይሄዱም?"

"ስሙን የሚያውቅ ሰው መልኩን አያይም። አንቺ ምንም አታውቂም፤ ለዚህ ነው የፈለግኩሽ።"

ሙገሳ ይሁን ስድብ አላወቅኩትም። እሑድ ጠዋት ከሜክሲኮ በሰበታ ታክሲ ሄድን።

ከሰበታ በጋሪ፣ ከዚያ በቅሎ ተከራይተን ወጣን። ባለበቅሎው ጥዱ እስኪያልቅ አብሮን መጣና ከላይ ጉም ሲወርድ ሲያይ፣ "እዚህ እጠብቃችኋለሁ" ብሎ ቁጭ አለ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ አልነሣም አለ። ክንዳቸውን ይዤ በእግር ቀጠልን። የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፤ ከዚያ ሣርና ድንጋይ ብቻ ሆነ። ጉሙ ደርሶ ሲሸፍነን የራሴ እጅ ጠፋኝ። እሳቸው ግን ያን ጊዜ መንገድ ይመሩኝ ጀመር። ቆም እያሉ "ሆይ!" ይላሉ፣ ገደሉ የሚመልሰውን ይሰማሉ፣ "እዚህ አይደለም" ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ "ሆይ!" ሲሉ ድምፁ ቶሎ አልተመለሰም፤ ቆይቶ ቆይቶ፣ ተሰባብሮ መጣ። በእጃቸው ድንጋዩን ዳበሱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡበት።

"እዚህ ነበርኩ" አሉ። "ሂጂ። ድምፅሽ እንዳይጠፋኝ፣ ዝም አትበይ።"

ዝም ማለትማ መች አውቅበትና! ከፍርሃቴ የተነሣ አለቃዬን እያማሁ፣ ሠራተኛ የሌለኝ መሆኑን እያማረርኩ፣ በእግሬም በእጄም እየዳበስኩ ሄድኩ። አንድ የሚሸት ነገር አገኘሁና ስናገር "ጦስኝ ነው፣ እለፊው" አሉ። ቢጫ አገኘሁ፤ "እለፊው።" ድምፃቸው እየራቀ መጣ። ከዚያ አየሁት።

"ጋሼ፣ ሌላ አገኘሁ!"

"ከእግሩ።"

"ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ሣር ነው የሚመስለው። አገዳው… ኧረ አገዳም አይባል፣ ክር በሉት። ጎንበስ ብሏል።"

ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ይሰማዎታል?"

"አንድ በአንድ ተናገሩ" አሉ ከጉሙ ውስጥ። "ሲደራረብ አይሰማኝም።"

ተናገሩ? እኔን አንቺ እንጂ እናንተ ብለውኝ አያውቁም። ዞር ብዬ አየሁ። ነጭ ጉም ብቻ ነው። "እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ! ሌላ ማንም የለም!"

"እሺ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ጥንዚዛዋን አትንኪያት፣ ተያት። ቀጥዪ።"

አበባው ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ነበረች። እኔ ግን ስለ ጥንዚዛ አልተናገርኩም። በስመ አብ! እምልላችኋለሁ፣ ከአፌም አልወጣም።

"ጥንዚዛ እንዳለች ማን ነገረዎት?"

"አሁን አልሽኝ እኮ።"

ጥዬ ልሮጥ ነበር፤ ግን ወዴት? የት እንዳለሁም አላውቅ። በዚያ ላይ እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን አበባ አግኝቼ ጥዬው እንዴት እሄዳለሁ? እማምላክን ጠርቼ ወደ አበባው ተመለስኩ።

"ሐምራዊ ነው፣ ወደ ነጭ የሚያደላ። አፉ ወደ ታች ነው፤ ውስጡ አይታየኝም። ቆይ፣ ጠጋ ብዬ ልየው…"

"ሰብለ! ቁሚ!"

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ክው ብዬ ቀረሁ።

"ባለሽበት ተንበርከኪ። እግርሽን አታንሺ። ፊትሽ ያለውን መሬት በእጅሽ ንኪው።"

ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። ሣሩ አለ። ከሣሩ ሥር ግን መሬት የለም። እጄ እስከ ትከሻዬ ገባ፤ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ መጣበት። ድንጋይ ቢጤ አንሥቼ ወረወርኩ፤ መሬት ሲነካ አልሰማሁትም። ሣሩ ከገደሉ አፍ ወደ ውጭ ወጥቶ በቅሎ ነው መሬት የሚመስለው። አበባው ራሱ ወደ ገደሉ ተንጠልጥሏል። ውስጡን ለማየት የፈለገ ሰው አንድ እርምጃ መጨመር አለበት።

በደረቴ እየተሳብኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። እግራቸው ሥር ደርሼ ቁጭ አልኩ። እሳቸው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ፊታቸው ግን ፀጥ ብሏል።

"ድምፁ ቆመ ያልኩሽ ሙሉ አይደለም" አሉ። "'አፉ ወደ ታች ነው፣ ውስጡ አይታየኝም' አለኝ። እኔ ደግሞ 'ውስጡን እየው' አልኩት። ስሙን ለማወቅ ቸኩዬ ነበር። 'ዳኛቸው፣ ውስጡን እየው' አልኩት። ከዚያ ነው የጠፋው። ገደል ይሁን አውሬ፣ መንገድ ስቶ ይሁን፣ ዕድሜዬን ሙሉ አላወቅኩም ነበር። አሁን አወቅኩ።"

ምን ይባላል? "የእግዜር ሥራ ነው" አልኩ፤ ቃሉ ለራሴም ቀለለብኝ። ቀጥዬም፣ "ጋሼ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ ነጠላዬን ይዘውልኝ ውስጡን አይልዎታለሁ። ቢያንስ ስሙን ይወቁት" አልኳቸው።

"አይሆንም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ለፍተውበት?"

"ስም አይውጣለት። ሁለተኛ ለስሙ ብሎ ማንም አይጠጋውም" አሉና ተነሡ። እጄን ከመያዛቸው በፊት ግን ወደ ግራ ዞረው፣ "በል እንግዲህ" አሉ። ለእኔ አልነበረም።

ባለበቅሎውን ስለ ገደሉ ጠየቅነው። ሥሩ ሰው የማይወርድበት ዱር እንደሆነ ነገረንና አማተበ። ጥዱን አልፈን ስንወርድ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ወደ ግራ ዘንበል ሲሉ አላየኋቸውም።

ካዛንቺስ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ታፈሰ እንደ ሕፃን እግራቸው ላይ ተንበረከኩ። እኔ ልወጣ ስል እማማ፣ "ተቀመጪ፤ አብረሽው ሄደሽ የለ?" አሉኝ።

"እማዬ፣ ቦታውን አገኘሁት። ገደል ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ 'ውስጡን እየው' ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ጋሼ ታፈሰ የማያይ ዓይናቸውን ወደ ላይ አቀኑ።

"በእንቅልፍህ ትናገራለህ" አሉ እማማ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ። 'ዳኛቸው፣ ውስጡን እየው' ትልና ትጮሃለህ። ምንድን ነው ያስባለው እያልኩ አንዱን ከአንዱ ስገጥም ኖርኩ። ልጄ እንደሞተማ ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። እናት አይደለሁም?"

በግድግዳው በኩል የምሰማው ማጉረምረም ለካ ይህ ኖሯል! እኔ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አላለቀስሽም?" አሉ ጋሼ ታፈሰ።

"ለቅሶ ብቀመጥ አገሩ ይመጣል። ለቅሶ ደራሽ መጀመሪያ ምንድን ነው የሚጠይቀው? 'እንዴት ሞተ? ማን ነበረ አብሮት?' ነው። አንተ ደግሞ መዋሸት አታውቅም። ትናገራለህ። አንዱን ገደል በላብኝ፤ ሌላውን የሰው አፍ ይብላብኝ? እንባዬን ዋጥ አድርጌ ያዝኩት።"

እኔ ነኝ ቀድሜ የጮህኩት። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ሮጦ ገባ።

በማግሥቱ እድሩ ድንኳን ተከለ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ የእኔንም በር ሸፈነው። ዳኛቸውን የሚያውቀውም የማያውቀውም መጣ፤ ያቺ የጎመን ሥር ይዛ የመጣችው ሴት ሳትቀር ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እማማ ፎቶውን ታቅፈው እንደ አዲስ፣ እንደ ትናንት አለቀሱት። ጋሼ ታፈሰ ግን ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል፤ እንባ የለም፣ ቃል የለም። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ትከሻቸው ይኮማተራል። ምን እንደሚጠብቁ የምናውቀው እማማና እኔ ብቻ ነን።

ከቀትር በኋላ ከወዲያኛው ሰፈር የመጡ አንዲት ሴትዮ ከእማማ አጠገብ ተቀመጡ። ትንሽ አለቀሱና ዓይናቸውን ጠራርገው፣ "ምነው፣ ልጁን ምን አገኘው?" አሉ።

ጋሼ ታፈሰ አፋቸውን ሊከፍቱ ቀና ሲሉ እማማ ቀደሟቸው።

"አበባ ሲያይ አዳልጦት ነው" አሉ።

"ውይ፣ አፈር ልብላልህ! ብቻውን ነበረ?"

"ምን ብቻውን!" አሉ እማማ፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ወንድሙ ነበረ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሲያናግረው ነበረ።"

ጋሼ ታፈሰ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ አለቀሱ።